ሁለት ዓመት እስኪሞላ በዋንዛ ሜዳ

አስካለ ማርያም አንዲት ተራ ቀን የምትጠይቃትን ሁሉ ቁጭ ብላ አስባው ታውቃለች። አንድ ጠመኔ፤ ሰሌዳው የተሰነጠቀበት ቦታ ላይ ሲደርስ ስለሚሰበር አንዳንድ ቀን አንድ ተኩል። ሁለት እንስራ ውኃ፤ ከወንዝ ማዶ የሚመጡት ልጆች ጥማቸው ካልቆረጠ ፊደል አይዘልቃቸውም። ወደ ትምህርት ቤቱ ስትሄድ የአንድ ሰዓት ቁልቁለት፣ ስትመለስ ከዚያ የሚረዝም አቀበት። ለልጇ ለማሚቱ በቀን ሁለት ጊዜ የሚቀርባት ጡት። ከሰዓት በኋላ የሚዘጋ ድምፅ። ባሏ ክንዱ ከእርሻ ሲገባ ያልደረሰ እራት፣ በእራቱም ሰበብ ከአማቷ ከእመት ወለተ ኢየሱስ የምትሰማው አንዲት ቃል። ከአንዲት አያልፍም፤ አማቷ ደግ ሴት ናቸው። ይህን ሁሉ ደምራ በሁለት ዓመት አባዛችውና «እችለዋለሁ» አለች። ቀድሞም ያሰበችው ሁለት ዓመት መቻል አለመቻሏን ለማወቅ ነበር።

ዋንዛ ሜዳ ከቡሬ ወደ ሽንዲ ሲሄዱ ከመንገዱ ገባ ብላ ያለች አጥቢያ ናት። ትምህርት ቤቱን ሰዉ በ1957 ዓ.ም. በደቦ ሠራው። ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር፣ መቀመጫው የተጠረበ ግንድ ነው። አስካለ ማርያም ፍኖተ ሰላም አክስቷ ቤት ተቀምጣ እስከ ዐሥረኛ ክፍል የተማረች ስለሆነች፣ አግብታ ወደ ዋንዛ ሜዳ ስትመጣ አስተማሪዋ እርሷ ሆነች። ደመወዟ እህል ነበር፤ መከር ሲገባ እያንዳንዱ ቤት አንዳንድ ቁና ይሰፍርላታል።

መንግሥት ሕዝብ ለሠራው ትምህርት ቤት እርዳታ ይሰጣል የሚለው ወሬ የደረሳቸው በ1958 መጨረሻ ነው። ቆርቆሮ፣ መጻሕፍትና የአንድ መምህር ደመወዝ ይሰጣል ተባለ። የሚፈለገው አርባ ተማሪ ነበር። ዋንዛ ሜዳ ሃያ ሦስት ነበራት።

ሃያ አራተኛውን ማግኘት ከባድ ነበር። ያን ጊዜ መሬት ሊለካ ነው የሚል ወሬ በየገበያው ይናፈስ ነበርና ገበሬው መዝገብ የሚባል ነገር ይሸሻል። አንዱ አባት ለአስካለ ማርያም እንዲህ አላት፦ «ዛሬ ልጄን በመዝገብ፣ ነገ መሬቴን በገመድ። ደኅና ዋይ።»

መላውን ያመጡት የአጥቢያው ጭቃ ሹም፣ የትምህርት ቤቱም ኮሚቴ ሊቀመንበር የነበሩት አያ እጅጉ ናቸው። ወፍራም፣ ጨዋታ የሚያውቁ፣ ለመንደሩ የሚያስቡ ሰው ናቸው።

«ድግስ ያለበት ሰው ምን ያደርጋል?» አሉ ለኮሚቴው። «ጋን ይዋሳል። ሰፌድ ይዋሳል። በርጩማ ይዋሳል። እንግዳው በልቶ፣ ጠጥቶ፣ መርቆ ይሄዳል እንጂ ‹ይህ ጋን የማን ነው› ብሎ ይጠይቃል?»

«አያ እጅጉ፣ ልጅ ጋን አይደለም» አለች አስካለ ማርያም።

«ጋንማ ቢሆን በመንገድ ይሰበርብን ነበር። ልጅ በእግሩ መጥቶ በእግሩ ይመለሳል።»

ሰዎቹ ሳቁ። እርሷም ዝም አለች። በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ከሩቅ አገር መጥተው ጎጆ ቀልሰው፣ እህል እየለመኑ የሚማሩ የቆሎ ተማሪዎች አሉ። መምህራቸው የኔታ ክንፈሚካኤል «ለአንድ ቀን ከሆነ፣ እንግዳ ማክበር ነው» ብለው ዐሥራ ሰባቱን አዋሱ። አስካለ ማርያም ዐሥራ ሰባቱን ስም በመዝገቡ ላይ ጻፈች። እጅ ጽሕፈቷ ያምራል። ያን ቀን ግን ቀለሙ ሁለት ጊዜ ፈሰሰባት።

ትምህርት ቤቱን የሚመረምር የመንግሥት ኢንስፔክተር በኅዳር በቅሎ ተከራይቶ ከቡሬ መጣ። ከሲታ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ልጆቹን ቆጠረ፤ አርባ። መዝገቡን አየ፤ አርባ። ደስ ያለው መሰለ። አያ እጅጉም በጓሮ በኩል ለእንግዳው የተዘጋጀውን በግ እንዲያርዱት በዓይናቸው ጠቀሱ።

«እስቲ አንዱ ያንብብልኝ» አለ ኢንስፔክተሩ፤ ከኋላ ግንድ ላይ የተቀመጠውን ረዘም ያለ ልጅ በጣቱ አመለከተው።

ልጁ ተነሣ። የአንደኛ ክፍሉን መጽሐፍ በሁለት እጁ ተቀበለ። ተሳለመው። ግንባሩን አስነካ። ከዚያም ስለ አንዲት ላምና ስለ ጥጃዋ የሚናገረውን ገጽ ልክ እንደ ዳዊት፣ ድምፁን እየጣለ እያነሣ በዜማ ያነበው ጀመር። ጥጃዋ ወተት የምትጠባበት ላይ ሲደርስ የኋላው ግንድ በሙሉ አብሮት ይወዛወዝ ጀመር።

ኢንስፔክተሩ መነጽሩን አወለቀ።

«ልጄ፣ አገርህ ወዴት ነው?»

«ደብረ ታቦር፣ ጌታዬ።» የቆሎ ተማሪ ታላቅ ሰው ሲጠይቀው አይዋሽም።

«ያንተስ?»

«ላስታ።»

«ያንተስ?»

«እኔ እንኳ የቅርብ ነኝ። ከደምበጫ ነኝ።»

የፊተኞቹ ትንንሾች ሳቁ። ኢንስፔክተሩ አልሳቀም። መዝገቡን ገልጦ «ይህ የማን እጅ ነው?» አለ። አስካለ ማርያም «የእኔ ነው» አለች። እርሱም መዝገቡን አጥፎ በቅሎውን አስጫነ። በጉ ታርዶ ነበር። እንግዳው ሳይቀምሰው የቀረ ሥጋ በዋንዛ ሜዳ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተበላ፤ የበሉትም አንገታቸውን ደፍተው ነው።

ደብዳቤው በጥር 1959 ደረሰ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አስካለ ማርያም ለሕዝቡ አነበበችው። ጠቅላላ ሐሳቡ አጭር ነበር፦ የቀረበው የተማሪ ቁጥር እውነተኛ ሆኖ ስላልተገኘ ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም፤ ትምህርት ቤቱ ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ዓመት ሳይሞላ እንደገና ለእርዳታ ማመልከት አይችልም።

«ሁለት ዓመት?» አለ አንድ ገበሬ። «ለአንድ ቀን ውሰት?»

«ለደም እንኳ ሽማግሌ ይላካል እኮ።»

«እጅጉ፣» አለ ሌላው ከኋላ፣ «ጋኑ ተሰበረብህ መሰለኝ።»

አያ እጅጉ ሽማግሌ መላኩን ግን ወደዱት። የሚላክ ሽማግሌ ግን ጠፋ፤ ሁሉም «እርሷ የተማረች ናት፣ ቋንቋቸውን ታውቃለች» አሉ። አስካለ ማርያም ማሚቱን አዝላ ከቡሬ በጭነት መኪና ተሳፍራ ፍኖተ ሰላም ወረደች። በትምህርት ጽሕፈት ቤቱ በረንዳ ላይ ከጧት እስከ ረፋድ ጠበቀች። የተቀበላት ያው ኢንስፔክተር ነው።

«እኔም በቆሎ ተማሪነቴ አኩፋዳ ይዤ በየደጁ የለመንሁ ሰው ነኝ» አላት። «ልጁ መጽሐፉን ሲሳለም አንጀቴን በላኝ።»

«እንግዲያ ዘመኑን ይቀንሱልን፣ ጌታዬ።»

«አይቀነስም።» ወረቀቱን ወደ ጎን አደረገ። «የዘንድሮው እርዳታ ለሦስት ትምህርት ቤት ብቻ የሚበቃ ነበር። የጠየቁት ዘጠኝ ናቸው። እናንተ በእነዚያ ዐሥራ ሰባት ልጆች አልፋችሁ ቢሆን ኖሮ፣ በእውነት አርባ ያለው አንዱ ይቀር ነበር። እዚያም እንዳንች ያለች አስተማሪ አለች።»

አስካለ ማርያም ይህን አስባው አታውቅም ነበር። ሌላዋን አስተማሪ አሰበቻት፤ እርሷም ልጅ አዝላ፣ እርሷም ጠመኔ ቆጥባ።

«አንድ ነገር ልምከርሽ» አለ ኢንስፔክተሩ ሊሸኛት ሲነሣ። «መዝገቡን በየቀኑ ያዢ። የቀረውን ‹ቀረ› ብለሽ ጻፊ። አንድ ልጅ ብቻ ቢመጣ አንድ ብለሽ ጻፊ። በትምህርት ዘመን ትምህርት ቤቱ አንድ ወር ከተዘጋ ግን ሁለቱ ዓመት እንደ አዲስ ይቆጠራል።»

ያን ቀን ነው በመንገድ፣ መኪናው ላይ ሆና፣ የአንዲትን ቀን ድካም ያሰበችው።

የመጀመሪያው ዓመት በልጆች መጉደል አለፈ። እርዳታው እንደቀረ የሰሙ አባቶች ልጆቻቸውን ወደ ከብት መለሱ። ሃያ ሦስቱ ዐሥራ ዘጠኝ ሆኑ፤ ሰኔ ሲገባ ዐሥራ አራት። አንድ ቀን ወንዙ ሞልቶ ሦስት ልጆች ብቻ መጡ፤ አንዱ ያተኩሰው ስለነበር እግሯ ሥር አስተኛችው። ሦስት ብላ ጻፈች። ኢንስፔክተሩ «አንድ ቢሆንም» ባይላት ኖሮ ያን ቀን በሩን ዘግታ ትመለስ እንደነበር ለክንዱ ነግራዋለች።

በመስከረም 1960 አያ እጅጉ ኮሚቴውን ቤታቸው ጠሩ። ፊታቸው በርቷል።

«ስሙኝማ» አሉ። «የተከለከለው ማን ነው? ዋንዛ ሜዳ ነው። እንግዲህ ሰው ሲሰልም ወይም ሲጠመቅ ስሙ ይለወጥ የለም? ትምህርት ቤቱን ክርስትና እናንሣው። ‹ቅዱስ ራጉኤል ትምህርት ቤት› ብለን እናመልክት። ራጉኤልን ማን ከለከለው?»

«ክርስትና አባቱ ማን ሊሆን ነው?» አለ አንዱ የኮሚቴ አባል።

«አንተ ሁን። ድግሱንም አንተ ታወጣለህ።»

«እኔ ለልጄም አላወጣሁ።»

ሳቁ ሲበርድ ሁሉም ወደ አስካለ ማርያም ዞሩ። ብዕሩ ያለው እርሷ ዘንድ ነው፤ በመንደሩ ሌላ የማመልከቻ እጅ የለም።

«አልጽፍም» አለች።

«ምን አልሽ፣ ልጄ?»

«አያ እጅጉ፣ ያኔ አንዲት ቃል ተናግሬ ዝም አልሁ። ዝም ብዬም ጻፍሁ። ዐሥራ ሰባቱም ስም በእጄ ነው የተጻፈው። እንደገና ቢያዙን ሁለት ዓመት አይበቃንም፤ ባይዙንም የሌላ መንደር ልጆችን ክዳን ነው የምንወስደው። አልጽፍም።»

አያ እጅጉ ሲናገሩ ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ለዚህ ነው የከበዳት። «እንግዲያ ቁናውን ከየት ላመጣልሽ ነው? ሰዉ ሰልችቷል። ‹ለተከለከለ ትምህርት ቤት አልሰፍርም› ይለኛል። እኔ ምን ብዬ ልሰብስብ?»

«አይሰብስቡ። በሩን ብቻ አይዝጉብኝ።»

ማታ ለክንዱ ነገረችው። ክንዱ ሞፈሩን እየጠረበ ሰማት።

«ያለ ቁና?» አለ።

«ያለ ቁና።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ጥር 1961። ዓመት ከአራት ወር።»

ጥቂት ጠረበ። «አንች መቼም ከያዝሽ አትለቂም። ማሚቱን ከእርሻው ዳር ይዣት እውላለሁ፤ ጡት ጥላለች፣ ቆሎ ትቆረጥማለች። ውኃውን ግን ልጆቹ ራሳቸው ይቅዱ። ወገብሽን ስትይዥ አይቻለሁ።»

ውኃውን ልጆቹ መቅዳት ጀመሩ።

በዚያ ዓመት ስለ አዲሱ ግብር አገሩ ሁሉ ታውኮ ነበር። ወረቀት ይዞ የሚታይ ሰው ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። አንዳንድ ቀን አስካለ ማርያም መዝገቡን በነጠላዋ ሸፍና ትሄዳለች። «ልጆቻችንን ለግብር ትቆጥራለች» የሚለው ወሬ አማቷ ጆሮ ደርሶ፣ እመት ወለተ ኢየሱስ «ልጄ፣ ወይ መጽሐፉን አቃጥይው፣ ወይ እኔን ቅበሪኝ» አሏት። አላቃጠለችውም። በማግስቱ እናቶቹን ወደ ትምህርት ቤቱ ጠራች። የመጡት ስድስት ናቸው። መዝገቡን ገልጣ መስመር በመስመር አነበበችላቸው።

«ይህ የልጁ ስም ነው። ይህ የአባቱ። ይህ ‹መጣ›፣ ይህ ‹ቀረ›።»

«በሬውስ የት ላይ ነው?» አለች አንዲቱ።

«በሬ የሚጻፍበት ቦታ የለውም።»

«መሬቱስ?»

«መሬትም የለውም። ከዚህ ወዲያ ወረቀቱ ባዶ ነው፤ እይው።»

ሴትዮዋ ፊደል አታውቅም። ግን ገጹን ወደ ብርሃን አዙራ፣ ጫፉን በጣቷ ዳስሳ አየች። በሚቀጥለው ሰኞ ሁለት ልጆቿን ይዛ መጣች፤ አንደኛዋ ሴት ናት።

ነገሩን ይበልጥ የለወጡት ግን የኔታ ክንፈሚካኤል ናቸው። አንድ እሑድ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሊበተን ሲል በመቋሚያቸው ተደግፈው ከደጀ ሰላሙ ላይ ቆሙ። መናገር ያለባቸውን ብዙ ጊዜ ያመላለሱት ይመስል ነበር።

«ሁላችሁ እጅጉን ትወቅሳላችሁ» አሉ። «እጅጉ ገበሬ ነው። እኔ ‹በሐሰት አትመስክር› የሚለውን ሳስተምር ያረጀሁ ሰው ነኝ። ልጆቼን ለሐሰት ያዋስሁ እኔ ነኝ። ለንስሐ አባቴ ተናግሬአለሁ። ንስሐ ግን የበደሉትን ካልካሱ አይሞላም። የበደልሁት ያችን ሣር ቤትና በውስጧ ያለችውን ልጅ ነው።»

መቋሚያቸውን አንሥተው ወደ ትምህርት ቤቱ አመለከቱ።

«ስለዚህ የወንድሜን ሁለት ሴቶች ልጆች ከነገ ጀምሮ እሰዳለሁ። እኔ ዘንድ ፊደል የሚቆጥሩትን የአጥቢያውን ልጆችም ረፋድ ላይ እለቅቃቸዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የእርሷ ናቸው። ስማቸው ይጻፍ። ለግብር ነው የምትሉ ብትኖሩ፣ የቤተሰቤ ስም ከፊት ይጻፍ።»

አስካለ ማርያም በሴቶቹ በኩል ቆማ ነበር። ማልቀስ አልፈለገችም፤ ማሚቱን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች።

ያን ሳምንት ዐሥራ ስድስቱ ሃያ ሁለት ሆኑ። መከር ሲገባ ጥቂት ቤቶች ሳይጠየቁ ቁና ሰፈሩላት። ሁሉም አይደሉም፤ የሰፈሩትም ሞልተው አይደለም። አያ እጅጉ ግን አንድ ሙሉ ቁና ጤፍ በሚስታቸው በኩል ላኩ፤ እርሳቸው አልመጡም።

ጥር 1961 ገባ። ሁለቱ ዓመት ሞላ። በመዝገቡ ያሉት ሠላሳ አንድ ናቸው፤ ዐሥሩ ሴቶች። አስካለ ማርያም ማመልከቻውን ጽፋ ወደ አያ እጅጉ ቤት ወሰደችው፤ የሊቀመንበሩ ምልክት ያስፈልገዋልና።

«ስንት ብለሽ ጻፍሽ?»

«ሠላሳ አንድ።»

«የሚፈልጉት አርባ አይደለም?»

«አርባ ነው።»

«ሠላሳ አንድ ብለሽ ስትጽፊ እጅሽ አልተንቀጠቀጠም?»

«እጄ የተንቀጠቀጠው ያኔ አርባ ብዬ ስጽፍ ነው፣ አያ እጅጉ።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ከስማቸው ጎን ረጅም ጊዜ ተጫኑት፤ ሲያነሡት የጣታቸው መስመር ሁሉ ጥርት ብሎ ወጣ። «እንግዲህ የመጣው ይምጣ» አሉና በነጠላቸው ጫፍ ጣታቸውን ጠረጉ።

መልሱ በሚያዝያ መጣ። ማመልከቻው ተመዝግቧል። ኢንስፔክተር በኅዳር 1962 መጀመሪያ ይመጣል። ያን ቀን አርባ ተማሪ ከተገኘ እርዳታው ይሰጣል፤ አርባ ካልሞላ ደግሞ ሌላ አንድ ዓመት መጠበቅ ይሆናል። ደብዳቤው ግርጌ ላይ በእጅ የተጨመረች አንዲት መስመር ነበረች፦ «የዕለት መዝገቡ ይቅረብ።» አስካለ ማርያም መስመሯን ደጋግማ አነበበቻት። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ወንዝ የሞላበትን ቀን ሳይቀር፣ የሚቀርብ መዝገብ አላት።

ዘጠኝ ልጆች ይጎድሏታል። አሁን ሰኔ ነው። ሣር ክዳኑ በሁለት ቦታ ያፈስሳል፤ ክንዱ በመስከረም እሸፍነዋለሁ ብሏል። ዘጠኙ የት እንዳሉ በስም ታውቃቸዋለች። አራቱ ከወንዝ ማዶ ናቸው፤ አባቶቻቸው «ድልድይ ሲሠራ» ይላሉ። ሦስቱ ሴቶች ናቸው፤ ከመካከላቸው አንዷማ ታጭታለች፣ ዕድሜዋ ገና ዘጠኝ ነው። ሁለቱ ወንድማማች ናቸው፤ በሬ ይጠብቃሉ፣ በፈረቃ ቢመጡም ይበቃት ነበር። በየቤታቸው ሦስት ሦስት ጊዜ ሄዳለች። የእርሷን ቃል ለምደውታል፤ የለመዱትን ቃል ሰው አይሰማም። በአገሩ ግን ከሩቅ የመጣ ቃል ይከበራል። በአዲስ አበባ ወታደር የሆነ ወንድም፣ በደብረ ማርቆስ ሱቅ ያላት እህት፣ በባሕር ዳር ፋብሪካ የገባ የአክስት ልጅ «ላከው» ቢል፣ አባት ነገሩን አንድ ቀን ያሰላስለዋል። አንድ ቀን ከተሰላሰለ ደግሞ ተስፋ አለው።

ስለዚህ ይህን ታሪኳን በየከተማው እንዲነበብ እንድታስጽፍ ስትጠየቅ፣ በመጨረሻው የሚከተለው ቃሏ እንዲገባላት ለመነች፦

«ከቡሬና ከሽንዲ ገጠር ወጥታችሁ በየከተማው የምትኖሩ፣ ይህን የምታነቡ የአገሬ ልጆች፤ ገንዘብ አልለምናችሁም። አንዲት ደብዳቤ ጻፉ። ለወንድማችሁ፣ ለአጎታችሁ፣ ለክርስትና አባታችሁ፤ ሴቲቱንም ልጅ ሳይዘነጉ፣ ልጆቹን እስከ መስከረም አጋማሽ ወደ ዋንዛ ሜዳ እንዲልኩ፣ ስማቸው ቢጻፍ አንዳች ክፉ እንደማያገኛቸው ንገሩልኝ። በቡሬ የሐጂ ሀምዱ ሱቅ ብትልኩት ደብዳቤው ይደርሳል፤ የገበያ ቀን ተቀብዬ አመጣዋለሁ። ለወገኖቻችሁ የማነብላቸው እኔው ነኝና ሳልጨምር ሳልቀንስ አነብላቸዋለሁ። እባካችሁ መስከረም ሳይጠባ ጻፉ።»